የዝናቡ ግራ ጆሮ

ዝናቡ ተሳቢ መኪና ሲነዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከጅቡቲ ማዳበሪያና ስንዴ ጭኖ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ያራግፋል፤ ከዚያ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን ያርፋል፤ ከዚያ ደግሞ ይሄዳል። ሚስቱ አገሬ ትዳሯን የኖረችው በእነዚያ ሁለት ሁለት ቀናት ነው። ልጃቸው ሰሎሜ ትንሽ ሳለች «አባባ እንግዳ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃት ታውቃለች። ያቺ ሰሎሜ ዛሬ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ቤቱ ለአገሬ ብቻ ቀርቷል።

ኅዳር ላይ አገሬ ሸሚዙን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ መንጃ ፈቃዱን አገኘች። የሚያበቃበትን ቀን አየችና ወደ ግቢ ወጣች። ዝናቡ ደፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ዞራ በቀኙ በኩል ቆመች።

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረህ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ደሴ ወጥተህ ለምን አትመረመርም? ያለ ሐኪም ወረቀት አያድሱልህም።»

«እሄዳለሁ አልኩ እኮ።»

«መቼ አልክ?»

ዝናቡ ጫማውን ገልብጦ ሶሉን መቦረሽ ያዘ።

በዚያ ሳምንት አልሄደም። በሚቀጥለው ሳምንት የመኪናው ጎማ መቀየር አለበት አለ። ቀጥሎ ለቅሶ አለብኝ አለ፤ ለቅሶው እውነት ነበር፣ ግን ከቀትር በፊት ተመልሷል። ድሮ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ እንዲህ አልነበረም። በጠዋት ተነስቶ፣ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ እንደ ሚዜ ነበር የሚወጣው። ዓይኑም ቢሆን እስካሁን ያለ መነጽር ያነባል።

የፈራው ለግራ ጆሮው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የበሩን መስታወት ዝቅ አድርጎ ነው የነዳው። የበረሃው ንፋስ፣ የሞተሩ ጩኸት፣ የሚተላለፉት መኪናዎች ክላክስ ሁሉ የገባው በዚያ በኩል ነው። መጀመሪያ ጢው ይልበት ጀመር። አንድ ቀን ይተወኛል እያለ ሲጠብቅ፣ ከጢውታው በስተቀር ሌላው ድምፅ ሁሉ ተወው። ለማንም አልተናገረም። ለአገሬም አልነገራትም።

አሥር ቀን ሲቀረው አገሬ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

«ደሴ። ካንተ ጋር።»

«እኔ እሄዳለሁ አልኩሽ?»

«እኔ እሄዳለሁ። አንተ ከመጣህ አብረን እንሄዳለን።»

ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዝናቡ ሰው በሚነዳው መኪና ሲሄድ አያምርበትም፤ መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። አገሬ ሁለት ሦስት ጊዜ አየችውና እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

«ተው፣ ሰውየው ራሱ ፍሬን ይያዝ» አለችው። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሳቀች። እሱም ፈገግ አለ። 

ሆስፒታሉ ውስጥ ተራ ደርሷቸው የገቡት ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሐኪሟ ማህደር ትባላለች፤ በዕድሜ ሰሎሜን ታክላለች። ደም ግፊቱን ለካችው፣ ዓይኑን በሰሌዳው ላይ አስነበበችው። ዝናቡ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ መስመር ድረስ ሳይደናቀፍ አነበበ። አገሬ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች።

«ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል» አለች ማህደር። «አሁን ጆሮዎን እናያለን። ከኋላዎ ቆሜ ቀስ ብዬ ቃል እናገራለሁ፤ የሰሙትን ይደግሙልኛል። መጀመሪያ ግራውን በጣትዎ ይዝጉት።»

ግራውን ዘጋ። «ወንበር» አለች። «ወንበር» አለ። «ሎሚ» አለች። «ሎሚ» አለ። አምስቱንም ደገመላት።

«አሁን ቀኙን።»

ቀኝ ጆሮውን ሲዘጋ ራሱ ላይ ጋቢ የደረቡበት መሰለው። ጢውታው ብቻ ቀረ። ሐኪሟ መናገሯን ያወቀው በአገሬ ነው፤ ዓይኗ ከትከሻው በላይ ሄዶ ሲመለስ አየ። ዝም አለ። ዓይኗ ደግሞ ሄዶ ተመለሰ። አሁንም ዝም አለ።

ከዚያ አገሬን ቀና ብሎ አያት። ይህን አስተያየት ሁለቱም ያውቁታል። ሰርግ ቤትም ሆነ ማኅበር ላይ ሰው በግራው በኩል ሲያናግረው እንዲህ ነው የሚያያት። እሷም ለራሷ የምታወራ መስላ ትደግምለታለች፦ «እህ፣ ምርቃቱ ጥር ላይ ነው ማለት ነው?» ትላለች፤ እሱም ተቀብሎ ይመልሳል። አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። አሁንም ከንፈሯን ብታንቀሳቅስለት ይበቃው ነበር።

አገሬ ዓይኗን ወደ ነጠላዋ ጥለት አወረደች። እንደዚያው አቀርቅራ ቀረች።

«ሎሚ» አለ ዝናቡ በግምት።

ማህደር ዞራ ፊት ለፊቱ መጣችና ከእሱ ቁመት ጋር እንድትስተካከል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባቴ፣» አለችው፣ «ለሦስተኛው ገና ምንም አልተናገርኩም ነበር።»

እጁን ከጆሮው አወረደ።

ሐኪሟ ብዙ አላስጨነቀችውም። ጆሮው ከውስጥ መጎዳቱን፣ በመድኃኒት እንደማይመለስ፣ ሆኖም በልኩ በሚሠራ የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳ እንደሚችል አስረዳችው። «መነጽር አድርጎ እንደሚነዳ ሰው ይቁጠሩት» አለችው። «መሣሪያውን አድርገው ይምጡና እንደገና እንፈትናለን። ዛሬ ግን ልፈርምልዎ አልችልም።» የምርመራውን ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠችው። ዝናቡ ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወደ ሐይቅ ተመለሱ። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ዝናቡ ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ ሐይቁ ውሃ በሚያወርደው መንገድ ቀጠለ። አገሬ ተከተለችው። ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ገልብጠው ይጠግናሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም እንደ ልማዷ በቀኙ ተቀመጠች።

«ታውቂ ነበር» አላት።

«ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በቀኝ ጎንህ ስትተኛ። ስልክህ ራስጌህ ሥር እየጮኸ አትነቃም። በግራህ ስትተኛ ግን ድመት ስታልፍ ትባንናለህ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጨመረች፦ «ከዚያ ወዲህ እኔም መቀመጫዬን ቀየርኩ።»

ዝናቡ ይህን አላስተዋለም ነበር። አሁን ግን መለስ ብሎ ሲያስብ፣ በዚህ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አገሬን በግራው በኩል ያየበት ቀን አልታወስህ አለው።

«እንዲያ ከሆነ ዛሬ ለምን ተውሽኝ? ለእንጀራዬ ነው እኮ የመጣሁት።»

አገሬ ወደ እሱ ዞረች።

«ቤት ውስጥ ጆሮ ልሁንህ» አለችው። «ለቅሶ ቤት ልሁንህ፣ ደጀ ሰላም ልሁንህ። መንገድ ላይ ግን እኔ የለሁም፣ ዝናቡ። ፊርማውን ባገኝልህና አንድ ነገር ብትሆን ሌሊቱን እንዴት አድርጌ ነው የምተኛው? ሰውስ ብትጎዳ?»

ዝናቡ አንገቱን ደፋ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዋን አቃንተው ወደ ውሃው እስኪጎትቷት ድረስ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገራት።

መስከረም ላይ ነው። ወልዲያ አራግፎ ባዶ መኪናውን ይዞ ሲመለስ፣ ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ የሚያወጣው ዳገት ላይ ጉድጓድ አየና ለማምለጥ ወደ ግራ ያዘ። በግራው በኩል ባጃጅ ሊያልፈው እየወጣ ነበር። በስፖኪዮው ሲያየው ረፍዶ ነበር፤ ባጃጁ ሸሽቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም። ባለ ባጃጁ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ «ጋሼ፣ አራት ጊዜ ክላክስ ነፋሁልዎ እኮ» አለው። ዝናቡም ሰው በተሰበሰበበት ጮኸበት፦ ውሸታም አለው፣ ብትነፋ ኖሮ እሰማ ነበር አለው። የደረሱት ሰዎች ሽበቱን አይተው፣ የመንዳት ዘመኑን ሰምተው የእሱን አመኑ። ባለ ባጃጁ አፉን ይዞ ቀረ።

«ውሸታም ያልኩት ልጄ የሚሆን ሰው ነው» አላት። «ነፍቶ ነበር፣ አገሬ። ያኔም አውቄዋለሁ። እየጮህኩበት እያለሁ አውቄዋለሁ።»

አገሬ እጁን ያዘችው።

በማግስቱ ጠዋት ፈንታሁን ደወለ። ፈንታሁን የድሮ ባልንጀራው ነው፤ አብረው በረሃውን የተመላለሱ ሹፌሮች ናቸው። ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ «ምን አስጨነቀህ?» አለው። «ሳትመረመር ወረቀቱን ማኅተም አስመትቶ የሚያመጣልህ ሰው አውቃለሁ። እስከ ዓርብ በእጅህ ነው።»

ዝናቡ ስልኩን በቀኝ ጆሮው ይዞ ግቢው መሃል ቆሟል። አገሬ ጓዳ ሆና ትሰማለች፤ አልወጣችም። 

«ፈንታሁን፣ ወንድሜ ነህ፣ ይቅርብኝ» አለ። «እውነትም አልሰማም።»

ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ ለሌላ ሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ዘጋና ወደ ጓዳው ዞረ። «ነጠላሽን ልበሺ» አላት። «ውጫሌ እንሂድ።»

ውጫሌ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጆች ይሰለፋሉ። ዝናቡ ተራውን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ሰውየውን አወቀው። ሰዑድ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የልጅ አባት ነው። እሱም ዝናቡን አወቀው፤ ከባጃጁ ወርዶ ክንዱን አጣምሮ ቆመ። ጓደኞቹ ነገር ሸትቷቸው ተጠጉ።

ዝናቡ ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ቆየ። ሲሳደብም በሰው ፊት ነበር።

«ያን ቀን ዳገቱ ላይ ነፍተህልኛል» አለው። «አራት ጊዜ ነው ያልከኝ፤ አራትም ይሁን አሥር ነፍተሃል። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ይህን እያወቅሁ ውሸታም አልኩህ። ይቅር በለኝ ልል ነው የመጣሁት።»

ሰዑድ ያጣመረውን ክንዱን ፈታ። «የባጃጅ ማኅበሩ አሥር ቀን እንዳልሠራ አግዶኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የገንዘቡ አይደለም ጋሼ፤ ወላሂ እሱን ረስቼዋለሁ። ሰው ሁሉ 'ክላክስ ሳይነፋ የሚገባው' እያለ ሲጠራኝ ነው የከረመው።»

«ሊቀ መንበርህ የታለ? ለእሱም ልንገረው።»

«ኧረ ይበቃል።»

«አይበቃም» አለች አገሬ።

ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደው ዝናቡ ያንኑ ደገመ። ሰዑድ ከዚያ በኋላ ዝም ብለው እንዲሄዱ እሺ አላላቸውም፤ በባጃጁ ጭኖ እናቱ ዘንድ ወሰዳቸው። እናቱ ኡሙሀኒ የመጡበትን ጉዳይ ሰምተው እስኪጨርሱ ዓይናቸው ከዝናቡ ላይ አልተነሳም። ሲጨርስ ግን እሱን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያን ቀን ገብተህ 'እማ፣ ነፍቻለሁ' ስትለኝ፣ እኔም 'መቼስ አንተ ትቸኩላለህ' ብዬህ ነበር» አሉት። «እኔም አላመንኩህም። አፉ በለኝ ልጄ።»

ሰዑድ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ። አገሬ ፊቷን አዞረች፤ ዝናቡ ግን አላዞረም።

ሊወጡ ሲሉ ኡሙሀኒ የአገሬን እጅ ያዙ። «አብሽሪ እቴ» አሏት። «እኛም ዱዓ እናደርጋለን። ጆሮ ያልሰማውን እሱ ይሰማል።»

የመንጃ ፈቃዱ ቀን አለፈ። አቶ አያሌው፣ የመኪናው ባለቤት፣ መኪናውን ለጊዜው ለሌላ ሹፌር ሰጡ። ዝናቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከታታይ ሳምንታት ቤቱ ተቀመጠ፤ ለሁለቱም ቀላል አልነበረም። እሱ በማለዳ ተነስቶ የሚሄድበት ያጣል፤ እሷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያለ ሰው የለመደችውን ጓዳ እሱ ሲያስተካክልላት እቃ ፍለጋ ትውላለች። አንድ ቀን «ጨው የት አደረግህብኝ?» ብላ ስትጮህ «ጨው ባለበት» አላትና ግማሽ ቀን ተኳረፉ።

ከገና በኋላ ሰሎሜ አዲስ አበባ አስመጥታ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። መሣሪያው በልኩ ተሠርቶ በሳምንቱ ገባለት፤ ከጆሮው ጀርባ የምትቀመጥ፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ሐይቅ ሲመለስ ሁሉ ነገር ጮኸበት። የገዛ ጫማው ይጮሃል፣ ጋዜጣ ሲገልጥ ይጮሃል፣ የጎረቤት ዶሮ ጭንቅላቱ ላይ የቆመ ይመስለዋል። በሁለተኛው ቀን አውልቆ ሊያስቀምጣት ሲል ከጓዳው የአገሬን ድምፅ ሰማ። ሰው ያለ መስሎት ጠጋ አለ። ብቻዋን ናት፤ ሽሮ እየነፋች ታወራለች፤ ጎረቤቷ የሺሀረግ አጥሯን ልታሳድስ እንደሆነ፣ ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ እንደሚያንጠባጥብ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

ደነገጠች፤ ከዚያ አፈረች። «ካንተ ጋር» አለች። «ስትሄድ ስትሄድ የጀመርኩት ነው። አሁን እንኳ ቤት እያለህ አልለቀኝ አለ።»

ዝናቡ ገባና ዱካ ስቦ ተቀመጠ። «ቀጥዪ እስቲ» አላት። «የቧንቧውን ጨርሺልኝ።»

መሣሪያዋን ያን ቀን አላወለቃትም።

የካቲት ላይ ደሴ ሄደው እንደገና ተመረመረ። በዚህኛው ጊዜ አገሬ ራሷ ከክፍሉ ውጭ ልጠብቅህ አለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወጣ ማህደር አብራው ወጣች። «ከአምስቱ አንዷን ብቻ ነው የሳቷት» አለቻት ለአገሬ። «'ማር' ብላቸው 'በር' አሉኝ። እሷን አልፌላቸዋለሁ።» ወረቀቱ ላይ በመስሚያ መሣሪያ እንዲነዳ ብላ ጽፋ ፈርማለች። ከዚያ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ፎቶ ተነሳ፤ ፎቶ አንሺው «ፊትዎን ቀለል ያድርጉ» እስኪለው ድረስ ሳያስበው ጥርሱን ነክሶ ነበር። በሳምንቱ አዲሱ ካርድ ተሰጠው። ከድሮው ጋር አስተያየው፤ ሽበቱ ጨምሯል፣ የጭነት መኪና ደረጃው፣ ደረቅ ሦስት የሚለው፣ ያው ነው።

አቶ አያሌው መኪናውን መለሱለት። «ጅቡቲው ይቅርብህ» አሉት። «የኮምቦልቻ ወልዲያውን ያዝልኝ፤ ጠዋት ወጥተህ ማታ ትገባለህ።» ዝናቡ ቅር ይለው እንደሆነ አገሬ ጠየቀችው። ትንሽ እንዳለው አልደበቃትም፤ የበረሃውን መንገድ ሳይሰናበተው መቅረቱ ከንክኖታል። «ግን» አለ፣ ግኑን ሳይጨርሰው ቀረ።

የመጀመሪያው ጭነት ሲሚንቶ ነበር። ጠዋት ሐይቅ አስፋልቱ ዳር አቆመና ወደ ቤት ገባ። አገሬ ውጫሌ ገበያ የምትገዛው እህል ነበራት፤ አውቶቡስ ልትጠብቅ ዘንቢሏን አንጠልጥላለች።

«ነይ ውጪ» አላት ወደ መኪናው እያመለከተ።

ሠላሳ ዓመት የሹፌር ሚስት ሆና ከመኪናው ጋቢና ገብታ አታውቅም። መወጣጫው ከጉልበቷ በላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ አቃታት። ዝናቡ ከታች ደግፎ፣ ዘንቢሏን ተቀብሎ አወጣት። ገብታ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች።

«ከፍታው ያስፈራል» አለች።

«ትለምጂዋለሽ።»

ሞተሩን አስነሳ፣ ስፖኪዮውን አየ፣ መሣሪያዋን በጣቱ ነካ አድርጎ ወደ መንገዱ ገባ። ከተማውን ሲወጡ አገሬ ወንበሩን የያዘውን እጇን ለቀቀች። ከቆርቆሮው ጣሪያና ከባሕር ዛፉ በላይ ሐይቁ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ውሃው ዳር ያለው የገዳሙ ደን ሳይቀር። ተወልዳ ባደገችበት አገር ውሃውን ሁልጊዜ በአጥርና በዛፍ መካከል ቁራጭ ቁራጩን ነበር የምታየው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚታይህ?» አለችው።

«ሁልጊዜ።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም እኮ።»

ዝናቡ ማርሽ ቀነሰና መኪናው ዝግ አለ። ከኋላ ሚኒባስ ክላክስ ነፋ፤ ሰምቶ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ አሳለፈው። አገሬ ወደ ውሃው እንደዞረች ነበር። እስክትጠግበው ድረስ ማርሹን አልጨመረም።